የጤና መምህር ልቀት በማን ይመሰከራል? ከጉንደ ወይን ሲታይ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ከምሥራቅ ጎጃም የተገኘ አንድ የጥናት ውጤት አወጣ። ጥናቱ የተካሄደው ዋና ከተማዋ ጉንደ ወይን በሆነችው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነበር። ለትራኮማ መከላከያ ሲባል አዚትሮማይሲን በዘመቻ በታደለባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ሞት በዓመት ከ1,000 ሕፃናት 4.1 ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዕደላው በዕጣ ለአንድ ዓመት በዘገየባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ግን 8.3 ሆኖ ተገኘ። በስታቲስቲክስ ቋንቋ የሞት ዕድል ንጽጽሩ 0.51፣ የመተማመኛ ክልሉም ከ0.29 እስከ 0.90 ነበር። ሞትን መቀነስ የጥናቱ ዋና መነሻ አልነበረም፤ የተፈለገው በዓይን ላይ የሚገኘውን ክላሚዲያ በየስንት ጊዜው ማከም እንደሚበቃ ማወቅ ነበር። ሆኖም በጎን የተገኘው ውጤት ከዋናው ይልቅ የብዙዎችን ጆሮ ሳበ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለታተመው ሰፊ ጥናት መነሻ ሆነ፤ በዚያም የሕፃናት ሞት በአጠቃላይ በ13.5 ከመቶ፣ በኒጀር ብቻ ሲታይ ደግሞ በ18.1 ከመቶ መቀነሱ ታየ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ1 እስከ 11 ወር ለሆኑ ሕፃናት መድኃኒቱን በዘመቻ መስጠት እንደሚቻል በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ምክር ሰጠ።

የጎንቻ ስም በዚህ መልክ በዓለም የኤፒዲሚዮሎጂ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የጤና ባለሙያዎች ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት ስለ መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱ ለምን ሞትን ቀነሰ፣ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንን ነው ወይስ ተቅማጥን ያስቆመው፣ የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም። ነገር ግን ታሪኩ በሌላ ዓይን ሊነበብ ይገባል። ከእያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ አንድ የተማረ እጅ፣ ከዚያም እጅ ጀርባ አንድ ያስተማረ ሰው አለ። በአገሪቱ የጤና ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህራኖቻቸውን ልቀት ለይተው ለማክበር በሚሹበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ያስተማረ ሰው በማን መዝገብ እንደሚገኝ መጠየቅ አግባብነት አለው።

የሕፃናቱ ሞት የተቆጠረው ከሆስፒታል መዝገብ አልነበረም። ቤት ለቤት በተካሄደ ቆጠራ ነው። ቆጣሪው በመጀመሪያው ዙር የቤተሰቡን አባላት ይመዘግባል፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ እያንዳንዱ ስም በሕይወት መኖሩን፣ መሞቱን ወይም አካባቢውን መልቀቁን ያጣራል። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ብቻ ነው። በጎጃም ገጠር የሕፃን ዕድሜ በልደት ምስክር ወረቀት ሳይሆን በእርሻና በአጨዳ፣ በጾምና በፋሲካ፣ በዘመድ ሠርግና በጎረቤት ሐዘን ይቆጠራል። የሞተ ሕፃን ስም ለእንግዳ መጥራት የሚከብዳት እናት ትኖራለች። «ያ ሕፃንስ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ «የለም» ማለት ደግሞ ዐርፏል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ከአያቱ ዘንድ ሄዷል ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ከብት ይዞ ወጥቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ይህችን አንዲት ቃል ሳያጣራ ካለፈ አንድ ሕያው ሕፃን በሙታን ዓምድ ይገባል፤ ወይም አንድ ሟች ከቁጥር ይወጣል። በ8.3 እና በ4.1 መካከል ያለው ልዩነት እንዲታመን ያደረገው በየደጃፉ እንዲህ ያለው ጥያቄ በትዕግሥት መጠየቁ ነው። ሐዘንተኛን ቤተሰብ ሳይጎዱ እንዴት እንደሚጠየቅ ቆጣሪውን ማስተማርም ከመማሪያ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የትምህርት ሥራ የዓይንን ቆብ ገልብጦ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ ያለባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 40.1 ከመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። እንዲህ ያለ አኃዝ የሚገኘው የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቀላል የትራኮማ ደረጃ አሰጣጥ መሠረት ነው። በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ መካከል ላይ ቢያንስ 0.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው 5 ወይም ከ5 በላይ ፎሊክሎች መኖር አለባቸው። ግማሽ ሚሊሜትር! የሚያለቅስ፣ ከእናቱ ጉያ ለመሸሽ የሚታገል የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ጠዋት ጭጋግ ከሰዓት ብርቱ ፀሐይ በሆነበት ሜዳ ላይ ተይዞ አራት ፎሊክል ነው ወይስ አምስት ብሎ መወሰን ዓይንን ማሠልጠን ይጠይቃል። ከዚያም ናሙናው በጥጥ ይወሰዳል፤ የአንዱ ሕፃን ተሐዋሲ ወደ ሌላው ናሙና እንዳይተላለፍ የእጅ ንጽሕና ይጠበቃል፤ ናሙናው በቅዝቃዜ ተጠብቆ ከጎንቻ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ላቦራቶሪ ድረስ ይጓዛል። በዚህ ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ብትላላ የላቦራቶሪው መሣሪያ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የሚያነበው ስሕተትን ነው።

ሰንሰለቱ አልላላም። በየሦስት ወሩ ሕፃናት ብቻ በታከሙባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ከ1 እስከ 10 ዓመት ባሉ ሕፃናት የዓይን ክላሚዲያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ48.4 ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ፤ መድኃኒቱን ባልወሰዱት 11 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎችም ዘንድ ከ15.5 ወደ 8.2 ከመቶ ቀነሰ። በዓመት አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ማከም ሲነጻጸሩም እ.ኤ.አ. በ2012 በላንሴት እንደ ታተመው በአንድ ጊዜው ከ41.9 ወደ 1.9 ከመቶ፣ በሁለት ጊዜው ከ38.3 ወደ 3.2 ከመቶ ደርሶ በመካከላቸው ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ደስ የማያሰኘውም ውጤት በዚያው ጥንቃቄ ተመዝግቧል። ከሕፃናት አፍንጫ በተወሰደ ናሙና አዚትሮማይሲንን የተላመደ የኒሞኮከስ ተሐዋሲ በታከሙት ዘንድ በአንድ ዓመት ከ3.6 ወደ 46.9 ከመቶ አሻቅቧል፤ ባልታከሙት ግን 9.2 ከመቶ ነበር። መልካሙንና ክፉውን እኩል ታማኝ ሆኖ የሚመዘግብ የመስክ ሠራተኛ ማፍራት ለአንድ አሠልጣኝ ከፍ ያለ ምስክር ነው።

እነዚህን ውጤቶች ያወጁት ጽሑፎች ደራሲዎቻቸውን በስም ያስቀምጣሉ። ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን መኖራቸው፣ የ2012ቱ የላንሴት ጽሑፍ ቀዳሚ ደራሲም ዶክተር ተሾመ ገብሬ መሆናቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የደራሲነት ሥርዓት የራሱ ወሰን አለው። በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ደንብ መሠረት መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ለደራሲነት አያበቃም፤ ጽሑፉን በማርቀቅ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህም ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን ይጠየቃል። ደንቡ የተደነገገው ሳይሠሩ ስም ማስገባትን ለመከላከል በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ተመራማሪዎቹም ሊወቀሱ አይገባም፤ መጽሔት የምርምርን ድርሻ እንጂ የማስተማርን ድርሻ እንዲመዘግብ አልተቋቋመም። ነቀፋው መነሣት ያለበት ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ የሌላ ዓላማ መዝገብ ተውሰው የመምህርነት ልቀት መለኪያ ሲያደርጉት ነው።

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ከረዳት ምሩቅነት ተነሥቶ በሌክቸረርነት፣ በረዳት ፕሮፌሰርነትና በተባባሪ ፕሮፌሰርነት አልፎ ፕሮፌሰር ይሆናል። መንገዱ በአገልግሎት ዘመን፣ በማስተማር ብቃት፣ በኅብረተሰብ አገልግሎትና በኅትመት የተጠረበ ነው ቢባልም፣ መምህራን እርስ በርስ ሲጠያየቁ የሚሰማው «ስንት ጽሑፍ አለህ?» የሚለው ነው። ሌሎቹ መመዘኛዎች ሁሉም ሰው የሚያልፍባቸው በሮች ስለሆኑ አንዱን ከሌላው አይለዩም፤ ኅትመት ግን ይቆጠራል። የሚቆጠር ነገር ደግሞ የማይቆጠረውን ያስረሳል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ምጥ ላይ ያለች እናት አጠገብ ተማሪውን አቁሞ የፓርቶግራፍን መስመር እያሳየ የሚያስተምር ሐኪም፣ ያንኑ ሌሊት በኮምፒዩተር ፊት ካሳለፈው ባልደረባው ወደ ኋላ ይቀራል። በልማዱ የሚጎዳው ሐኪሙ ብቻ ቢሆን ነገሩ የግል ቅሬታ ሆኖ በቀረ ነበር። ጉዳቱ ግን ያንን መስመር ሳያይ ተመርቆ ወደ ወረዳ የሚሄደውን ወጣት፣ በእርሱም እጅ የምትወድቀውን እናት ያገኛል።

የማስተማር ብቃትን በቀጥታ ለመለካት የተዘረጋው ሥርዓትም ከትችት አያመልጥም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሠራበት የቆየው ቀመር 50 ከመቶውን ለተማሪዎች፣ 35 ከመቶውን ለትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ 15 ከመቶውን ለባልደረቦች ይሰጣል። ተማሪ የመምህሩን ሰዓት አክባሪነት፣ የአነጋገር ግልጽነትና ጨዋነት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይህ ድምፁ ሊነፈገው አይገባም። ተማሪው በዚያ ሰዓት ሊያውቀው የማይችለው ግን የተማረው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ይጠቅመው እንደሆነ ነው። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። በአካዳሚው ተማሪዎች ለመምህራን የሚደለደሉት በዕጣ ነው፤ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። በመግቢያው የካልኩለስ ትምህርት ተማሪዎቻቸው በፈተናው የተሻለ ነጥብ እንዲያገኙ ያደረጉ መምህራን ከተማሪዎቹም የተሻለ ምዘና አግኝተዋል፤ የእነዚያው ተማሪዎች ውጤት ግን በተከታዮቹ ከፍተኛ ኮርሶች ዝቅ ብሏል። ጠለቅ አድርገው ያስጨነቁት መምህራን በጊዜው ዝቅተኛ ምዘና ተሰጣቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግን ኋላ ላይ በረቱ። ካልኩለስ የተሳሳተበት ሰው ወረቀቱን ይሰርዛል፤ የኦክሲቶሲን መጠን የተሳሳተበት ሰው የሚሰርዘው ወረቀት የለውም።

የዓመቱ መጨረሻ ሥነ ሥርዓትስ? ብዙ ጊዜ በአዳራሽ ይካሄዳል፤ ንግግር ይደረጋል፤ «ምስጉን መምህር» የተባሉ ጥቂት ሰዎች ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። የምስክር ወረቀቱ ላይ «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከስሙ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ምን እንዳስተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ፣ የተማረው ሰው ምን ማድረግ እንደቻለ አንዳች ቃል የለበትም። ምክንያቱ ያልተጠቀሰ ምስጋና ሰሚውን ስለማያሳምን ከአዳራሹ ውጭ «የማን ወዳጅ ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል። ይህ ሹክሹክታ ከምቀኝነት ብቻ የሚመነጭ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ በከፊል የወረቀቱ ባዶነት የወለደው ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ጥያቄ የራሱ የሆነ ጥንታዊ መልስ አለው። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ አድባራት ባሉበት አገር መምህር የሚታወቀው በተማሪው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ፈጽሞ ለማስተማር ሲበቃ «አስመሰከረ» ይባላል። እንግዳ ሊቅ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው፤ ቅኔውን ሲዘርፍም የሚመሰገነው እርሱ ብቻ ሳይሆን በስም የሚነሡት የኔታው ጭምር ናቸው። የመምህሩ ዝና ከጎጆው በር ወጥቶ በተማሪው እግር አገር ይዞራል። ሥርዓቱን እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ አያስፈልግም፤ ሴቶችን በአብዛኛው ያገለለ፣ በመምህሩ ፈቃድ ላይ እጅግ የተንጠለጠለ ነበር። ያም ሆኖ ልቀትን ከተማሪው ሥራ ወደ መምህሩ ወደ ኋላ ተከትሎ የመፈለግ ልማዱ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከሚታየው ቀመር ይልቅ ለጤና ትምህርት የቀረበ ነው።

ዘመናዊው የጤና ትምህርትም ሲጀመር ከዚህ የራቀ አልነበረም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚልክ ነበር። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመሠረት ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ ተከለ። ዛሬም የጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ለመስክ ልምምድ ወደ ወረዳ ከተሞች ይወጣሉ። በዚያ የሚያገኟቸው አስተማሪዎች ግን ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ አዋላጅዋ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌ ይዛ የምትወርደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል። ተማሪው የክትባት ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ ሪፈር የተባለች እናት መኪና ሳታገኝ ስትቀር ማን እንደሚጠራ፣ ጸበል ላይ ያለ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲቆይ ከካህኑ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚማረው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣው ሱፐርቫይዘር በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ፊርማ ፈርሞ ይመለሳል፤ አበሉም የእርሱ ነው። ተማሪውን ሲያስተምር የሰነበተው ግን ተማሪዎቹ ሲሄዱ «እግዜር ይስጥልን» ከመባል በቀር የሚቀርለት ነገር በአብዛኛው የለም።

ማዕረግ የሌለው ሰው ሊቅ መምህር ሊሆን እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ሕይወት ማስታወስ ይበቃል። በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ ደርሶባቸው ለሕክምና የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ ቆመው በማየትና በመርዳት የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ፤ ከዚያም ከልዩ ልዩ አገሮች ለመጡ ሐኪሞች ያንኑ ጥበብ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ዲግሪ ያልነበራቸውን ሴት እጅ አይቶ የሸለመው ኮሌጅ በዓለም ላይ ለማዕረግ ከሚጠነቀቁት አንዱ ነው፤ በማዕረግ ረገድ ከእርሱ እጅግ የሚያንሱ ተቋማት ግን የወረዳን አዋላጅ አስተማሪ ብለው ለመጥራት ደንብ የለንም ይላሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ፣ እንዲህ ያለ ልቀት አይለካም፣ የማይለካም ነገር ለአድልዎ በር ይከፍታል የሚል ነው። ተቃውሞው ቀልድ አይደለም፤ ዘመድና ጎጥ በሚመዝኑበት ቦታ ቁጥር የደካማው መጠጊያ ነው፤ ኅትመትን መቁጠር የተወደደውም በከፊል ስለዚህ ነው። ነገር ግን የትራኮማ ሥራ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በተመረመሩበት ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ፣ መርማሪ ለመሆን የሚሻ ሠልጣኝ 50 ሕፃናትን ብቃቱ ከተመሰከረለት አሠልጣኝ ጋር በየራሳቸው እንዲመረምር ይደረግ ነበር። የሁለቱ ፍርድ ስምምነት በካፓ መለኪያ ቢያንስ 0.7 ካልደረሰ ሠልጣኙ ወደ ሥራ አይሰማራም። እዚህ ላይ ማስተማር በቁጥር ተለካ፤ የተለካውም በመምህሩ ንግግር ወይም በተማሪው ደስታ ሳይሆን በተማሪው ዓይን ነው። ካፓ ሁሉን አይለካም፤ ሠልጣኙ ሕፃኑን በርኅራኄ ይዞት እንደሆነ ለእናቲቱም በክብር ተናግሯት እንደሆነ አይናገርም። ይሁንና ሕፃን ማነቃቃትን፣ ፓርቶግራፍ መሙላትን፣ የወባ ተሐዋሲን በማይክሮስኮፕ መለየትን የሚያስተምር ሰው ተማሪዎቹ እነዚህን ማድረግ መቻላቸውን በዚሁ ዓይነት መፈተን ይቻላል። ያልተሞከረው ስለማይቻል አይደለም።

የምሁርነትን ትርጉም ማስፋትም አዲስ ነገር አይደለም። ኧርነስት ቦየር የተባሉት አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ምሁርነትን ማግኘት፣ ማዋሐድ፣ በሥራ ላይ ማዋልና ማስተማር ብለው ለአራት ከፍለው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያው ብቻ ማደግደጋቸውን ነቅፈዋል። መጽሐፉ በብዙ አገሮች የመምህራን ዕድገት ደንብ ላይ አሻራውን ትቷል። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ አራቱም ዓይነት ምሁርነት በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውስጥ ያለን ሰው ነው የሚያስቡት። ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ የሚያስተምረው የወረዳ ባለሙያ በቦየር አራት ክፍሎች ውስጥም ቦታ አያገኝም። ለኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ደግሞ እርሱ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ነው፤ ተመራቂዎቹ የሚሠሩት እርሱ በሚሠራበት ቦታ ነውና።

ሽልማቱ የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ገንዘብ አይሁን ብሎ መከራከር ግን አበል ለሚቀበሉ ሰዎች የቀለለ ክርክር ነው። ለመስክ አስተማሪው በተማሪዎቹ ቆይታ ልክ የተወሰነ ክፍያ፣ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት የመጠቀም መብት፣ በሙያ ፈቃድ እድሳት ጊዜ ማስተማሩ በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ውስጥ በግልጽ መቆጠሩ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። አስቸጋሪው ሥራ ለይቶ ማወቁ ነው። ተመራቂዎች ሥራ ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በኋላ «ዛሬ በእጅህ የምትሠራውን ማን አስተማረህ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ከሚጠሩት ስሞች መካከል ኮሌጁ ከዚህ በፊት ሰምቶ የማያውቃቸው ብዙዎች እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ጥያቄው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ከሚገኝ ምስክርነትና ከኮሌጁ ሰው የአልጋ ዳር ጉብኝት ጋር ሲገናዘብ አድልዎውም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የጤና ተቋማት ሥራ ብዙ ጊዜ ተስተጓጉሏል፤ የመስክ ልምምድም እንደዚያው። ሕመምተኛ መቀበላቸውን ያላቋረጡት፣ ተማሪ በመጣላቸውም ጊዜ ማስተማራቸውን ያላቆሙት የወረዳ ባለሙያዎች በአዳራሽ ሥነ ሥርዓት ላይ ሊገኙ አይችሉም፤ መንገዱም አይፈቅድም። ደብዳቤ ግን ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» በሚለው ፋንታ፣ በየትኛው ዓመት ለስንት ተማሪዎች ምን እንዳስተማሩ፣ ከእነርሱም መካከል ስንቱ ያለ ረዳት ሕፃን ማነቃቃት እንደቻሉ ሊዘረዝር ይገባል። ግልባጩ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ከግል ማኅደራቸው ጋር ሲያያዝ፣ የደረጃ ዕድገትና የዝውውር ጉዳይ በሚታይበት ቀን ከሌሎች ሰነዶች ጋር አብሮ ይነበባል።